76ቱ መራጮች

የህንድ ፊልም ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው አንድ ዓይነት ነው። ጀግናው ብቻውን ሃያ ሰው ይዘርራል፣ እናት ታለቅሳለች፣ መሀል ላይ ዘፈን ይገባል፣ መጨረሻ ላይ ፍቅር ያሸንፋል። እጃጂ ያደግን ልጆችም በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣበን ያየነው ይህንኑ ነው። ከሂንዲ አንድ ቃል አናውቅም፤ ግን አሚታብ ባቻን ሲቆጣ አብረን እንቆጣ ነበር። ለዚያ ፍቅር ዛሬም ክብር አለኝ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሌላ ዓይነት የህንድ ፊልም ነው። ጀግናው አይዘፍንም፤ ማንንም አይዘርርም። የሚሟገተው የሥራ መመሪያው በትክክል እንዲፈጸም ብቻ ነው። ፊልሙ «ኒውተን» ይባላል። ዳይሬክተሩ አሚት ማሱርካር፣ መሪ ተዋናዩ ራጅኩማር ራኦ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በበርሊን የፊልም ፌስቲቫል ታየ፤ በዚያው ዓመት ህንድ ለኦስካር ውድድር የላከችው እሱን ነው።

ኒውተን ወጣት የመንግሥት ጸሐፊ ነው። ምርጫ አስፈጻሚ ሆኖ ማኦኢስት ታጣቂዎች ወደሚንቀሳቀሱበት ወደ ቻቲስጋር ጫካ ይላካል። በጣቢያው የተመዘገቡት መራጮች 76 ብቻ ናቸው። «ለ76 ሰው ይህ ሁሉ ጣጣ?» የሚል ይኖራል። የህንድ ምርጫ ኮሚሽን ግን አንድ መራጭ ድምፅ ለመስጠት ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ የለበትም የሚል ደንብ አለው። ስለዚህ ጣቢያው ራሱ ጫካ ይገባል።

የጸጥታ ኃይሉ አዛዥ አትማ ሲንግ፣ ፓንካጅ ትሪፓቲ የሚጫወተው ሰውዬ፣ ይህ ጉዞ ባይኖር ደስ ይለዋል። ኒውተን ግን እምቢ ይላል። ጥይት መከላከያ ለብሰው በእግር ይሄዳሉ፤ የፈራረሰ ትምህርት ቤት ውስጥ ጠረጴዛና ማሽን አስቀምጠው ይጠብቃሉ። ሰው አይመጣም። በኋላ የውጭ አገር ጋዜጠኛ ሊመጣ ነው ሲባል፣ ወታደሮቹ ነዋሪውን ከየቤቱ እየለቀሙ ያመጡታል።

ይህን ፊልም ያየሁት ከአጎቴ ጋር ነው። ከሥር የሚወጣውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወደ ኦሮምኛ እየመለስኩለት ነበር። ነዋሪዎቹ ተሰልፈው፣ ማሽኑ ምን እንደሆነ፣ ተወዳዳሪዎቹ እነማን እንደሆኑ፣ ድምፅ መስጠታቸው ምን እንደሚጠቅማቸው ግራ የገባቸው ቦታ ላይ ስንደርስ አጎቴ ሳቀ። «እኛም ብንሆን የምንጠይቀው ስለ ማዳበሪያ ዋጋ ነው» አለኝ። ከዚያ በኋላ ግን አልሳቀም። ጫካ የሚለው ቃል በእኛ አካባቢ ዛፍ ብቻ ማለት እንዳልሆነ የምዕራብ ሸዋ ሰው ያውቃል። በሁለት መሣሪያ መሀል ያለ ገበሬ ፊት ምን እንደሚመስል ለአጎቴ ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም።

ፊልሙን የወደድኩት ለማንም ስለማያዳላ ነው። ኒውተን ሐቀኛ ነው፤ ግን ገና በሥልጠናው ላይ አንድ አሠልጣኝ ችግሩ በሐቀኝነቱ መኩራራቱ እንደሆነ ይነግረዋል። ሐቀኝነት ግዴታ እንጂ ውለታ አይደለም ነው ነገሩ። አዛዡም የክፋት ምሳሌ አይደለም። ወታደሮቹን በሕይወት መመለስ የሚፈልግ፣ የተሰላቸ፣ ዩኒፎርሙን ሲያወልቅ እንደማንኛችንም የቤተሰብ ኃላፊ የሆነ ሰው ነው። የሚያስፈራውም ይሄ ነው። ሰው በድምፁ እንዳይወስን ለማድረግ ክፉ መሆን አያስፈልግም፤ መሰላቸትና መቸኮል ይበቃል።

ከሁሉም ይበልጥ ልቤን የነካችው ግን ማልኮ ናት። የአካባቢው ልጅ፣ አስተማሪ ናት። ኒውተን ከከተማ የመጣ ነው፤ የነዋሪዎቹን የጎንዲ ቋንቋ አይችልም። እሷ ባትኖር ከመራጮቹ ጋር መግባባት አይችልም ነበር። መመሪያው በእሱ እጅ ነው፤ ሰዎቹን የምታውቃቸው ግን እሷ ናት። መንግሥት ወደ ገጠር ሲሄድ መዝገብ፣ ማኅተምና ጠባቂ ይዞ ይሄዳል፤ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ግን ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚታሰበው።

እኛ ስለ ምርጫ ስናወራ የምናወራው ስለ ወንበር ነው። ማን ስንት አገኘ? ማን ተጭበረበርኩ አለ? ሰኔ 14 ቀን 2013 የድምፅ መስጫው ሰዓት እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ተራዝሞ ሰው በጨለማ ተሰልፎ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበረው ክርክር ሁሉ፣ መጨረሻ ላይ የቆመችው እናት ምን ብላ እንደመረጠች፣ የያዘችው ወረቀት ለእሷ ምን እንደሆነ የጠየቀ ብዙ ሰው አልሰማሁም። «ኒውተን» የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ደንቡ ባይከበር 76ቱ ሰዎች ጭራሽ አይቆጠሩም። ደንቡ ብቻ ተከብሮ ሰዎቹ ካልገባቸው ደግሞ የተቆጠረው ጣታቸው ነው። ፊልሙ ሁለቱንም ያሳያል፤ አንዱን ምረጡ ብሎ አያስገድደንም።

ሲያልቅ አጎቴ «ታዲያ ማን አሸነፈ?» ብሎ ጠየቀኝ። ፊልሙ አይናገርም። ስለ ምርጫ የተሠራ ፊልም ውጤቱን ሳይናገር ሲያልቅ ምንም እንዳልጎደለበት ያወቅሁት ያኔ ነው።

ፈልጋችሁ እዩት። የመጨረሻውን ግማሽ ሰዓት አልነግራችሁም፤ ሰዓት ማክበር እንዲህ ሊያስቅም ሊያስጨንቅም እንደሚችል ራሳችሁ ብታዩት ይሻላል። ስታዩ ግን ዓይናችሁ ኒውተን ላይ ብቻ አይቅር። ማልኮ ዝም ስትል የምታየውን እዩ።