የአሥር ዶላር ምሳ ሒሳብ

ማንሃተን ውስጥ አሥር ዶላር ይዞ ጠግቦ ለመብላት ወይ ሃላል ጋሪ ፊት መሰለፍ ነው፣ ወይ ከአንዱ ጠባብ የሕንድ ምግብ ቤት ጎራ ማለት። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። የምወዳቸው ግን ስለረከሱ ብቻ አይደለም፤ ምግባቸው የተጀመረው መሪ ይዞ ለሚውል የታክሲ ሹፌር ስለሆነ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990 ሦስት ግብፃውያን በ53ኛው መንገድና በስድስተኛው አቬኑ ማዕዘን የሆት ዶግ ጋሪ አቆሙ። በዚያ የሚያልፉት ሙስሊም የታክሲ ሹፌሮች ግን የሚበሉት ሃላል ምግብ አጥተው ነበር። ሰዎቹ ይህን አይተው ሆት ዶጉን ተዉና ዶሮ በሩዝ ያዙ። ዛሬ ቅርንጫፉ አሜሪካን ተሻግሮ የሄደው ዘ ሃላል ጋይስ አነሳሱ ይኸው ነው። የጋለ ብረት ላይ እየተከተፈ የሚጠበስ ዶሮ፣ ቢጫ ሩዝ፣ ጥቂት ሰላጣ፣ ነጩ ስጎ፣ በላዩ የሚያቃጥለው ቀዩ። ለአንድ ሰው ይባላል እንጂ ለሁለት ይበቃል።

በ1994 ደግሞ ከሂውስተን ጎዳና አጠገብ ፑንጃቢ ዴሊ ተከፈተ። ሥጋ የሚባል የለም፤ ሽምብራ፣ ምስር፣ ስፒናች፣ ሳሞሳ፣ በወተት የፈላ ሻይ። ሹፌሩ ቆሞ ይበላል፣ መጸዳጃ ቤት ይገባል፣ ወደ ታክሲው ይመለሳል። ሌሊት ከተማ ውስጥ መጸዳጃ ፍለጋ ምን እንደሆነ የነዳ ያውቀዋል። ለእኛ ለጿሚዎችም እንዲህ ያለ ቤት ትልቅ ነገር ነው፤ ሽምብራ በሩዝ አስደርጎ ሁዳዴን መግፋት ይቻላል። ቅቤና ክሬም የገባበትን ግን ጠይቆ መለየት ያስፈልጋል።

እኔን የሚያንገበግበኝ የጋሪዎቹ ነገር ነው። የኒውዮርክ ከተማ በ1983 የምግብ ጋሪ ፈቃድን በ3,000 ገደማ ወሰነች። የሻጩ ቁጥር እያደገ ሲሄድ ገደቡ ለአሥርት ዓመታት ብዙም ፈቀቅ አላለም። በሕጉ ፈቃዱ ለሁለት ዓመት 200 ዶላር ነው። አዲስ የመጣ ስደተኛ ግን ወረፋው ስለማይደርሰው ቀድሞ ከያዘ ሰው በድብቅ ይከራያል፤ ለዚያው ሁለት ዓመት ከ20,000 ዶላር በላይ ከፍሎ። እስቲ አስሉት፤ አንዱ ሳህን አሥር ዶላር ቢሸጥ በየዓመቱ 1,000 ሳህን ለፈቃድ አከራይ ብቻ ይሄዳል ማለት ነው። ዶሮው፣ ሩዙ፣ ጋዙ፣ ጋሪው የሚያድርበት ጋራዥ ገና አልተነሱም። በየካቲት ብርድ ቆሞ የሚጠብሰው ሌላ፣ ቤቱ ተቀምጦ የሚበላው ሌላ።

በ2021 የወጣ ሕግ በየዓመቱ 445 አዳዲስ ፈቃዶች ለአሥር ዓመት እንዲሰጡ አዘዘ፤ ባለፈቃዱ ራሱ ጋሪው ላይ መገኘት አለበት የሚል ግዴታም ጨመረ። ይህ ግዴታ ትክክለኛ ነው፤ የኪራዩን ገበያ ከሥሩ የሚነቅለው እሱ ነው። ቁጥሩ ግን ለዓመታት ለተጠራቀመው ወረፋ በጣም ትንሽ ነበር። በጥር 2025 ዞህራን ማምዳኒ፣ ያኔ ለከንቲባነት የሚወዳደር፣ ጋሪ ለጋሪ እየዞረ ስለዚሁ ኪራይ ጠየቀና ቪዲዮውን ለቀቀ፤ ፈቃዱ በቀጥታ ለሻጮቹ ቢሰጥ የአሥር ዶላሩ ሳህን ስምንት ሊሆን ይችላል አለ። በዚያው ዓመት ኅዳር አሸነፈ። ስለ ምሳ ዋጋ የተነገረ ነገር የከንቲባ ምርጫ ውስጥ ያን ያህል ሲደመጥ ማየቴ ደስ አሰኝቶኛል፤ የሠራተኛ ምሳ እንደ ትንሽ ጉዳይ ሲታይ ኖሯልና።

ኒውዮርክ ያላችሁ፣ በተለይ ድምፅ መስጠት የምትችሉ፣ የሰፈራችሁን የምክር ቤት አባል ስልክ ፈልጉና ደውሉ። በጋሪ ፈቃድ ጉዳይ ምን አቋም እንዳለው ጠይቁት፤ መልሱንም ጻፉልን።