ወደ ዳሎል ከመውረድህ በፊት ባሌስትራህን እየው

መኪናውን ከፍ አስደርጎ ቦሌ ላይ የሚንጎራደድ ጎረምሳ ሞልቷል። ወንድሜ፣ ቁመቱ ለአስፋልት ምን ያደርግልሃል? ፒክአፕ የሚፈተነው ከመቀሌ ወደ ዳሎል ሲወረድ ነው! ከባሕር ጠለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ተነስተህ፣ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ትገባለህ። አስፋልቱ ሲያልቅ አቧራ፣ አሸዋና የጨው ሜዳ ይቀበሉሃል። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ማለፉ ብርቅ አይደለም።

ሰው፣ ውሃና ነዳጅ የጫነች መኪና ባሌስትራዋ ከደከመ ከኋላ ቁጭ ትላለች፤ ሆዷንም ድንጋይ ይመታዋል። መድኃኒቱ ለጭነትህ የሚመጥን ባሌስትራና በርዝመት የሚስማማው አሞርዛተር ነው። 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ለብዙ መኪና ይበቃል። ከዚያ አብዝተህ ካስነሳሃት ኩርባ ላይ ለመገልበጥ ትቀርባለች፤ የካርዳኑ ክሮቼራም ቶሎ ይበላል።

ስኖርክልስ? ብዙው ሰው ለውሃ ብቻ ይመስለዋል። በረሃ ላይ ግን ዋናው ጥቅሙ ከፍ ካለ ቦታ አየር መሳቡ ነው፤ ፊትህ ያለው መኪና የሚያስነሳው አቧራ ወፍራሙ ታች ይቀራል። ፊልትሮህ ቶሎ አይደፈንም። መጋጠሚያው በደንብ ካልታሸገ ግን ስኖርክሉ ጌጥ ነው። ወንዝ ስትሻገር ውሃ ሲሊንደር ውስጥ ከገባ አይታመቅምና ቢየላህን ያጣምመዋል። ከፊልትሮው በኋላ ያለው ጎማ ከተሰነጠቀማ አቧራው በቀጥታ ሞተር ይበላል።

እንግዲህ ኪስህ ከሳሳ ከቁመቱ በፊት አሞርዛተሩንና ፊልትሮውን አስቀድም። ብቻህንም አትውረድ። በረሃ ላይ ቁመናህን የሚያደንቅ የለም፤ የሚጎትትህም እንዲሁ!