ቅበላ በቢቸና፣ ዐርብ በሞጣ

በቅበላ እሑድ ማታ ቢቸና ላይ ከሁሉ በላይ የሚሰማው የዕቃ ድምፅ ነው። ድስቱ በአመድ ይፈተጋል፤ የወተቱ ቅል ታጥቦ በወይራ ይታጠንና ይሰቀላል፤ ቢላዋው እንኳ ሳይቀር በፈላ ውኃ ይለቀለቃል። ሥጋና ቅቤ የነካ ሁሉ ለ55 ቀን ዕረፍት ይወጣል። እኛ ለሴሚስተር ዕረፍት ከአዲስ አበባ የገባን ሦስት ተማሪዎች፣ ሁለታችን የቢቸና አንዳችን የሞጣ ልጆች፣ ምድጃው ዳር ተቀምጠን የመጨረሻውን ጥብስ እያላመጥን ስለ ጾም እንከራከር ነበር። መቼም ሆድ ሲሞላ ስለ ጾም ማውራት ደስ ይላል።

አራተኛው እንግዳ ነበር። የመኝታ ክፍል ጓደኛችን ነው፤ አገሩ ኢሮብ፣ አሊቴና፤ ሃይማኖቱ ካቶሊክ። የቤቱ እናት ቀኑን ሙሉ በዓይናቸው ሲመዝኑት ቆይተው በመጨረሻ ልጃቸውን በሹክሹክታ፣

«ለመሆኑ ካቶሊክ ይጾማል?» አሉት።

«አንቺው ጠይቂው እንጂ!»

ሰምቶ ኖሮ ራሱ መለሰ። «እንጾማለን እማማ። ቅዳሴውም በግዕዝ ነው፤ ፋሲካውንም ከእናንተ ጋር ነው የምናውለው።»

«ታዲያ ምኑ ላይ ነው የተለያያችሁት የኔ ልጅ?»

እሱ አፉን ሳይከፍት እኛ ተንጋጋን። ለካስ ይህን ጥያቄ ስንጠብቅ ኖረናል! አንዳችን ከሱስንዮስ ጀመረ፤ ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1622 የሮማን ሃይማኖት መቀበሉን፣ በ1625 የገባው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ሕዝቡ ዳግም ይጠመቅ፣ በዓላቱና አጽዋማቱም በሮማ ሥርዓት ይሁኑ ማለቱን፣ ደም መፍሰሱን፣ በ1632 ንጉሡ ራሱ «ሁሉም ወደ ቀደመ ሃይማኖቱ ይመለስ» ማለቱን ተረከ። ሌላው ተቀብሎ ወደ ቅባትና ወደ ተዋሕዶ ክርክር፣ ከዚያም ወደ ቦሩ ሜዳ ጉባኤ ተሻገረ። ሦስተኛው ቀን ያርም ነበር። እናት ድስታቸውን እያደረቁ ጸጥ ብለው ሰሙንና፣

«እንግዲህ ይህን ሁሉ ታውቁ የለ፤ ነገ ጾሙን እንዳትረሱት» አሉ።

የዘወረደ ሰኞ። እሳቸው በጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። እኛ «እግራችንን እናፍታታ» ብለን ወጣን። አራት ሰዓት ሲሆን እግራችን መናኸሪያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት አደረሰን። አንባቢ ሆይ፣ ክርክሩን ገምተው፤ ሻይ ውኃ ነው፣ ዳቦው ዘይት አልነካም፣ ጾም ማለት ደግሞ ዋናው ልብ ነው። በሁለት ብርጭቆ ሻይና በአንድ አንድ ዳቦ ዶግማውን ፈታነው። ጓደኛችን አብሮን ተቀመጠ። አስተናጋጁ ሲጠይቀው «ለእኔ ይቅር» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም።

ዘጠኝ ሰዓት አልፎ እናት ከቅዳሴ ተመለሱ። ከንፈራቸው ደርቋል። ገና ሳይቀመጡ እንጀራ ዘረጉ፤ ሽሮ፣ ስልጆ፣ ጥቂት ጎመን። ዓይን ዓይናችንን እያዩ «አዬ ልጆቼን፣ ጾሙ ጎዳችሁ፤ ፊታችሁም ገረጣ» ብለው ከፊታቸው ያለውን ወጥ ወደ እኛ ገፋ አደረጉት። ከመካከላችን አንዱ፣ ማን እንደሆነ ይቅር፣ «ኧረ ለምደነዋል» አለ።

ይህችን «ለምደነዋል» እስከ ዛሬ መዋጥ አቅቶናል። ዳቦው ቀላል ነበር፤ ንስሐ አባት ዘንድ ቢኬድ ጥቂት ስግደት ነው። ግን የተራበች እናት ያልተራበን ልጅ ስታዝንለት ዝም ብሎ ጉርሻ መቀበል ምን ይባላል? ጓደኛችን መሬት መሬት ያይ ነበር።

ረቡዕ በአውቶቡስ ወደ ሞጣ ተነሣን። በመንገድ የአገራችንን ጌጥ እየቆጠርን እናሳየው ጀመር፤ በዚያ በኩል ዲማ ጊዮርጊስ ነው፣ የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ፊታውራሪ መሸሻ አገር፤ ይህ ደብረ ወርቅ ነው፣ የቅኔው አገር። እሱ ግን፣

«መርጡለ ማርያም በየት በኩል ነው?» አለን።

በቀኝ በኩል አመለከትነው። «ምነው?»

«የአባ ገብረ ሚካኤል አገር ነዋ!»

ሦስታችንም ተያየን። አላወቅነውም። ስለ ፖርቱጋሎች ሌሊቱን ሙሉ የቀደድን የምሥራቅ ጎጃም ልጆች የራሳችንን ሰው ከአሊቴና ልጅ ሰማን። እ.ኤ.አ. በ1791 ዲቦ የተወለደ፣ በልጅነቱ አንድ ዓይኑን ያጣ፣ መርጡለ ማርያም ተምሮ የመነኮሰ፤ መጻሕፍት ፍለጋ ከገዳም ገዳም የዞረ፤ በ1841 ጳጳስ ሊጠይቅ ወደ ግብፅ ከተላከው ጉዞ ጋር ወርዶ፣ በዚያው አገራችን አቡነ ያዕቆብ ከሚለው ከዩስቲኖስ ደ ያቆቢስ ጋር ሮማን አይቶ የተመለሰ። በ1844 ካቶሊክ ሆነ። ኋላ ታሰረ፤ እምነትህን ተው ተባለ፤ አልተውም አለ። በ1855፣ ስልሳ አራት ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ በሰንሰለት እንዳለ ከጦሩ ጋር ሲንከራተት ሞተ። ሮማ በ1926 ብፁዕ ብላዋለች።

በዶግማው አልተስማማንለትም፤ ከመካከላችን አንዱ እዚያው አውቶቡስ ውስጥ ሊሞግት ሞክሮ ነበር። ግን ክርክሩ አልተያያዘም። ሽማግሌው አንዲት «እሺ» ቢል ሰንሰለቱ ይፈታለት ነበር፤ አላለም። እኛ ደግሞ ማንም ሳያስገድደን፣ በገዛ አገራችን፣ በሁለተኛው ብርጭቆ ሻይ ላይ… ይቅር።

ዐርብ ሞጣ ጊዮርጊስ ዋልን። ሁዳዴ ነውና ከበሮውም ጸናጽሉም ዝም ብሏል፤ ጾመ ድጓው በመቋሚያ ብቻ ሲዜም ከውጭ ይሰማል። ሕዝቡ በየዛፉ ሥር ቆሟል። እኛም ቆመናል፤ እሱም አጠገባችን፣ ነጠላ ተውሶ፣ ከንፈሩ ከዲያቆኑ ጋር እየተንቀሳቀሰ። ተሰጥዎውን ከእኛ ይልቅ እሱ ያውቀው ነበር። እኛ «አሜን» ላይ ብቻ ነው የምንደርሰው። የሞጣው ጓደኛችን አያት ዞር ብለው አዩትና «ይህስ ልጅ የማን ነው? የተማረ ነው» አሉ። የማን እንደሆነ አልነገርናቸውም፤ ኋላ ከማዕድ በኋላ ይደርሳል ብለን።

ስምንት ሰዓት ሲሆን የአንዳችን ሆድ ጮኸ። ጓደኛችን ዓይኑን ከቤተ መቅደሱ ሳያነሣ በዝግታ፣

«እዚህስ ሻይ ቤት የለም እንዴ?» አለ።

ደነገጥን። ከዚያ የሞጣው ልጅ፣

«አለ፤ ከገበያው ጀርባ» አለ።

ማናችንም አልተነቃነቅንም። ቅዳሴው ገና አልወጣም ነበር።