ድስት፣ ጣሳ፣ ክራር

ፒየዞ የሚባለው ዕቃ ሳንቲም የሚያህል ስስ የናስ ዝርግ ነው፤ ላዩ ላይ ሴራሚክ ተለጥፎበታል። ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ይንቀጠቀጣል። የተገላቢጦሹን፣ ማለትም አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጫኗቸው ኤሌክትሪክ እንደሚሰጡ፣ ፒየርና ዣክ ኩሪ የተባሉ ወንድማማቾች በ1880 (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) አሳይተዋል።

ብቻውን ድምፁ እንደ ትንኝ ነው። ቀለል ያለ፣ ሰፋ ያለ ነገር ላይ ሲለጠፍ ግን ያ ነገር ራሱ ድምፅ ማጉያ ይሆናል። ቀን ኮድ ስጽፍ እውላለሁ፤ ማታ ማታ ስልኬንና ትንሽ አምፕሊፋየር ይዤ ቤቴ ያለውን ዕቃ ሁሉ ሞከርኩ። ወፍራሙ ብረት ድስት ዝም አለ። የብስኩት ጣሳው ጮኸ፤ ዘፈኑን ሁሉ ግን ቆርቆሮ ቆርቆሮ አስባለው። ሰፌዱ ድምፁን ዋጠው። የጫማ ካርቶን (ማን ይገምታል?) ከሁሉም በለጠ። ወፍራም ድምፅ ግን ከየትኛውም አልወጣም፤ ፒየዞ የሚሆነው ለቀጭን ድምፅ ነው።

የቀረው የአባቴ ክራር ነበር። አባቴ ሲያርፍ ወደ እኔ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ የደረደረው የለም። አዲስ አበባ ላለችው እናቴ ደወልኩላት።

«ሙጫ ብታስነካው እንተያያለን!» አለችኝ።

ስለዚህ ቀጭን ጨርቅ ከአውታሮቹ ሥር አሳልፌ ፒየዞውን ቆዳው ላይ አሰርኩት። ከዚያ አባቴ ድሮ በስልክ የላከልኝን የድምፅ መልእክት ከፈትኩ። «ደረስክ? በላህ?» ይላል፤ ሌላ ነገር የለውም። ቆዳው ተናገረ። አውታሮቹም ማንም ሳይነካቸው አብረው ነዘሩ።

እናቴ በቪዲዮ ትሰማ ነበር። ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና፣ «አንዱ አውታር ረግቧል፤ አጥብቀውና ድገመው» አለች።