በልደት ሌሊት የተነሡና ሳይነሡ የቀሩ

የጌታችንን የኢየሱስ ክርስቶስን የልደት ታሪክ ከልጅነቱ ዠምሮ ያልሰማ ክርስቲያን በአገራችን አይገኝም። የግርግሙን፣ የእረኞቹን፣ የኮከቡንና የሰብአ ሰገልን ነገር ሕፃን እንኳ ቢጠየቅ ሳይደናቀፍ ይናገረዋል። ነገር ግን አንድ ታሪክ እጅግ የታወቀ ሲሆን ሰው ሳይመረምረው የማለፍ ልማድ አለው፤ ዘወትር የሚመላለስበትን መንገድ ድንጋዩን ማንም እንደማይቈጥረው ማለት ነው። ኅዳር 15 ቀን የሚገባው የነቢያት ጾም አልቆ፣ ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስም ታኅሣሥ 28 ቀን በዓሉ ሲውል፣ አሳባችን ሁሉ ወደ በጉና ወደ ጠላው ይሄዳል። ስለዚህ ለቤተ ሰብ የሚጠቅም አንድ ነገር ከዚሁ ታሪክ አውጥተን ለአንባቢዎች ለማካፈል ወደድን።

እኛ ሁለት ዓይነት ትምህርት የቀመስን ሰዎች ነን። አስቀድመን በቤተ ክርስቲያን ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጠን ፊደል ቈጠርን፤ ዳዊትም ደገምን። በኋላም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብተን ተማርን። በሚሲዮኑ ትምህርት ቤት የልደትን ታሪክ ልጆች በቴአትር ያሳዩ ነበር። ሁሉም ልጅ ከሰብአ ሰገል አንዱን ለመሆን ይሻማል፤ የወረቀት ዘውድ ይደፋለትና ነው። የእንግዳ ማደሪያው ባለቤት ሆኖ ዮሴፍንና እመቤታችንን «ቦታ የለም» ብሎ የሚመልሰውን ለመሆን ግን ማንም አይወድም። በመጨረሻ ለአንዱ በግድ ይሰጠዋል፤ የተመልካቹም ቍጣ ሁሉ በዚያ በምስኪን ልጅ ላይ ይወርዳል።

የኔታ ደግሞ በበኩላቸው የማቴዎስን ወንጌል ሲያስተምሩ የማይተውት ጥያቄ ነበራቸው። «ሄሮድስ፣ ክርስቶስ ወዴት ይወለዳል ብሎ በጠየቀ ጊዜ የመለሱለት እነማን ናቸው?» ይሉናል። «የካህናት አለቆችና ጻፎች ናቸው» እንላለን። «መልሳቸው ልክ ነበርን?» «አዎን፣ ልክ ነበር።» «ከመለሱ በኋላስ ወዴት ሄዱ?» ሲሉን ሁላችንም ዝም እንላለን፤ ሄዱ የሚል አልተጻፈምና። የኔታም ዝም ማለታችንን አይተው መጽሐፉን ያጥፉ ነበር። ያን ጊዜ ልጆች ስለ ነበርን ነገሩ እንቈቅልሽ ብቻ መሰለን። አሁን ግን ዕድሜያችን ከአርባ ካለፈ በኋላ የሚሲዮኑን ቴአትርና የየኔታን ጥያቄ አንድ ላይ ስንመዝናቸው፣ ሁለቱም አንድ ትምህርት እንደሚሰጡ ተረዳን። ይኸውም ሰው ክፉ ሥራ ሳይሠራ ከክርስቶስ ልደት ሊቀር የሚችል መሆኑ ነው።

አስቀድመን የእንግዳ ማደሪያውን ነገር እንመልከት። ያ በቴአትሩ ላይ የሚሰደበው የማደሪያ ባለቤት በወንጌል ውስጥ ፈጽሞ የለም። ወንጌላዊው ሉቃስ በሁለተኛው ምዕራፍ የሚነግረን ለእንግዶች በተለየው ስፍራ ቦታ እንዳልተገኘላቸው ብቻ ነው፤ በሩን የዘጋ ሰው ስም የለም፤ ክፉ ቃልም አልተነገረም። የግሪክኛውን ቋንቋ የሚያውቁ መምህራን እንደሚያስረዱት፣ ሉቃስ በዚህ ስፍራ የጻፈው ቃል ጌታ ከደቀ መዛሙርቱ ጋራ ፋሲካን የበላበትን ክፍል በ22ኛው ምዕራፍ የጠራበት ቃል ነው። ደጉ ሳምራዊ ቍስለኛውን ያሳደረበትን የኪራይ ማደሪያ ግን በ10ኛው ምዕራፍ በሌላ ቃል ጠርቶታል። ስለዚህ ብዙዎች የቤተ ልሔሙን ቤት እንደ ማንኛችንም ቤት ያለ፣ ለእንግዳ የተለየ ክፍል የነበረው የባለ ቤተ ሰብ ቤት ነው ይላሉ። እንዲህ ከሆነ ነገሩ ወደ እኛ እጅግ ይቀርባል። የጨከነ ሰው አልነበረም፤ ቤቱ ሞልቶ ነበር እንጂ።

ዮሴፍም ከናዝሬት ወደ ቤተ ልሔም የወጣው አውግስጦስ ቄሣር ሕዝቡ እንዲጻፍ ስላዘዘ ስሙን ለማስጻፍ ነበር። እኛ የዕድሜያችንን ብዙ ክፍል በፍርድ ቤት ጽሕፈት ስላሳለፍን የመዝገብን ቀን ጠባይ እናውቀዋለን። ባለጕዳዩ ከንጋት ዠምሮ ይሰለፋል። ጸሐፊው አንገቱን ደፍቶ ስምን፣ የአባት ስምን፣ የአያት ስምን እየጠየቀ ይጽፋል፤ ከፊቱ የቆመው ሰው ይታመም ወይም ይራብ ቀና ብሎ የሚያይበት ጊዜ የለውም። ምናልባት የዮሴፍን ስም የጻፈው ሰው ከጎኑ የቆመችው ወጣት ቀኗ የደረሰ መሆኑን ሳያይ ተራውን ለሚቀጥለው ሰጥቶ ይሆናል። ይህ በወንጌል አልተጻፈም፤ እኛ በሥራችን ልማድ የገመትነው ነው። ነገር ግን መዝገቡ በትክክል ተጽፎ ሳለ የዓለም ጌታ በከብቶች ግርግም መተኛቱ፣ መዝገብ ለያዝን ሁሉ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው።

ሁለተኛውም ነገር የጻፎቹ ነው። ሄሮድስ በጠየቃቸው ጊዜ የነቢዩን የሚክያስን መጽሐፍ ጠቅሰው ክርስቶስ በይሁዳ ቤተ ልሔም እንደሚወለድ ነገሩት። ቃሉን አላጣመሙትም፤ ስፍራውንም አልደበቁትም። ከኢየሩሳሌም እስከ ቤተ ልሔም ያለው መንገድ ግን 10 ኪሎ ሜትር እንኳ የማይሞላ ነው፤ እኛ ካለንበት ከላፍቶ ተነሥቶ አራዳ ጊዮርጊስን ለመሳለም ከሚሄድ ሰው መንገድ ብዙም አይለይም። ሰብአ ሰገል መጽሐፉን ሳያውቁ ከሩቅ ምሥራቅ ኮከብ ተከትለው መጡ፤ መጽሐፉን የሚያውቁት ግን ያችን አጭር መንገድ ተነሥተው እንደ ሄዱ አልተጻፈም። የየኔታም ዝምታ ምሥጢሩ ይህ ነበር። የኛ የመኖሪያ ሰፈር ንፋስ ስልክ የሚለውን ስም ያገኘው ሽቦ ሳይዘረጋ ቃልን ከሩቅ ወደ ሩቅ ከሚያስተላልፈው መሣሪያ ነው። ይህን ስም በጠራን ቍጥር አንድ ነገር እናስባለን፤ ወሬ መቀበል ሌላ ነው፣ ወሬውን ሰምቶ ለመሄድ መነሣት ሌላ ነው።

ይህን የምንለው ከመጽሐፍ ብቻ ተነሥተን አይደለም፤ በቤታችን ያየነውም አለ። በ2011 ዓ. ም. በታኅሣሥ ወር መዠመሪያ በቤት ሥራ የምታግዘን ልጅ እኅቷ ከገጠር መጣች። ባሏ ለሥራ ወደ ሩቅ አገር ስለ ሄደ ብቻዋን ነበረች፤ የመውለጃዋም ቀን ቀርቦ ነበር። በአካባቢያችን ባለው ጤና ጣቢያ ለመውለድ አስባ ማረፊያ ብታጣ፣ ወደ ባለቤታችን ቀርባ «እትዬ፤ እስክወልድ ብቻ አንድ ጥግ ቢሰጡኝ» ብላ ለመነች። በዚያ ሰሞን ደግሞ አክስታችን ከነልጆቻቸው በዓሉን ከኛ ጋራ ሊያሳልፉ ከደብረ ብርሃን ይመጡ ነበርና፣ ከባለቤታችን ጋራ ተቀምጠን መኝታውን ቈጠርን። ይህኛው ለአክስታችን፣ ያኛው ለልጆቹ፣ ሳሎኑ ለወንዶቹ እያልን ስንደለድል አንድም ትርፍ አልተገኘም። ሒሳቡ ትክክል ነበር፤ ቦታ የለም ብንል ሐሰት ተናገሩ የሚለን ሰው አልነበረም።

እናታችን ግን ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ይሰሙን ነበር። ፊደል ያልቈጠሩ ሴት ናቸው። «ልጄ፤ ያች ከጓሮ ያለችው ክፍልህ ውስጥ ማን ያድራል?» አሉን። ማንም የማያድርባት፣ መጻሕፍትና የሥራ ወረቀት የተቀመጡባት መሆኗን ነገርናቸው። እርሳቸውም «ወረቀትን ምጥ ይይዘዋልን?» ብለው ወደ ቡናቸው ተመለሱ። ባለቤታችን ሳቀች፤ ወዲያውም ተነሥታ መጥረጊያ አነሣች። የዚያኑ ዕለት ማታ መጻሕፍቱ በሳጥን ተከተው በአልጋ ሥርና በመተላለፊያው ላይ ተከመሩ። ከነዚያም መጻሕፍት ውስጥ ስለ ልደት የተጻፉ ጥቂቶች ነበሩ።

ልጅቱ ከበዓሉ በፊት በጤና ጣቢያው በሰላም ሴት ልጅ ተገላገለች። ጎረቤቱ ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ገባ፤ ገንፎውም ተገነፋ። ይህን ምርቃት ከልጅነታችን ዠምሮ በየአራሷ ቤት ስንሰማው ኖረናል፤ በዚያ ሰሞን ግን ያገራችን ሰው ለምን በአራስ ደጅ የእመቤታችንን ስም አስቀድሞ እንደሚጠራ ገባን። እመቤታችን አራስ ሆና ቤት ያጣች ናትና፣ አራስ ባለችበት ቤት ሁሉ ስሟ ይጠራል። ነገሩ ያለ ድካም አልሆነም። ሕፃኒቱ በ80 ቀኗ ክርስትና እስክትነሣ ድረስ እናቲቱ በዚያች ክፍል ቆየች፤ እኛም የምንፈልገውን ወረቀት ከአልጋ ሥር እየጎተትን በምግብ ጠረጴዛ ላይ ስንጽፍ አመሸን፤ የአክስታችን ልጆችም በጎረቤት ቤት አደሩ። ይህን የምንጽፈው ለመመካት አይደለም፤ አሳቡ የእናታችን፣ ድካሙም የባለቤታችን ነበርና። የሞላ ቤት ሲመረመር ብዙ ጊዜ የሞላው በሰው አለመሆኑን ለማስረዳት ነው።

ምናልባት አንባቢ «ሰው ሁሉ ለመጣው ሁሉ ቤቱን ከከፈተ፣ ሹሙም ሥራውን ትቶ ለእያንዳንዱ ችግረኛ ከተነሣ፣ ቤቱም መሥሪያ ቤቱም እንዴት ይቆማል?» ይለን ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱንም ከእረኞቹ እናገኘዋለን። መልአኩ ለእረኞቹ የተገለጠው ሥራ ፈትተው ሳሉ አልነበረም፤ ሌሊቱን በተራ መንጋቸውን ሲጠብቁ ነበር። የምሥራቹን በሰሙ ጊዜ ፈጥነው ሄዱ፤ ሕፃኑን አዩ፤ ያዩትንም ተናገሩ፤ ከዚያም እግዚአብሔርን እያመሰገኑ ተመለሱ። ተመለሱ የሚለውን ቃል ልብ እንበል። እምነት ሥራን የሚያስተው አይደለም፤ በሥራ መካከል በተጠሩበት ሰዓት የሚያስነሣ፣ ከተነሡም በኋላ በደስታ ወደ ሥራ የሚመልስ ነው።

አባቶቻችንም ይህን በልማዳቸው ውስጥ አኑረውልናል። የገና ጨዋታ እረኞቹ የምሥራቹን ሰምተው በደስታ የተጫወቱት ነው እየተባለ ሲነገር ኖሯል። በዚያ ጨዋታ ላይ ጌታና ሎሌ ሳይለያዩ በአንድ ሜዳ ይራወጣሉ፤ ሎሌው ሩሯን ሲመታ የጌታውን እግር ቢያገኘው ጌታው እንዳይቈጣ ልማዱ ያስገድደዋል። የበላዩ ከመቀመጫው ወርዶ ከበታቹ ጋራ አንድ ሜዳ ላይ መቆሙ፣ የሰማይ አምላክ ወደ በረት መውረዱን በጨዋታ የሚያስተምር ነው።

እንግዲህ የተከበራችሁ አንባቢዎች፤ ብዙዎቻችን የምናውቅ ሰዎች ነን፤ ብዙዎቻችንም ቤታችን የሞላ ነው። ሄሮድስ አይደለንምና ሕፃኑን አላሳደድነውም። ነገር ግን አለማሳደድ ብቻውን ወደ ቤተ ልሔም አያደርስም። በዋዜማው ጧፉ ከመብራቱ፣ ነጠላውም ከመታጠቡ በፊት የቤት አባትና የቤት እመቤት አብረው ተቀምጠው፣ በቤታችን ውስጥ ማንም ሳያድርበት የተያዘው ቦታ የቱ ነው ብለው ይመርምሩ። ቦታው ክፍል ብቻ አይደለም፤ በማዕድ ዙሪያ ያለ ወንበር፣ በቤት የምታገለግለዋ ልጅ ወደ ዘመዶቿ የምትሄድበት ቀን፣ የታመመ ጎረቤት የሚጠየቅበት አንድ ሰዓት ሊሆን ይችላል። መዝገብ የያዘም ሰው ስሙን ከጻፈለት ባለጕዳይ ፊት አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ይመልከት። ልጆቻችንም የልደትን ታሪክ ሲነግሩን ታሪኩን ማወቃቸውን ከማድነቃችን ጋራ የየኔታን ጥያቄ እንጠይቃቸው፤ ከመለሱ በኋላስ ወዴት ሄዱ? እኛ ስንነሣ ካዩ መልሱን ራሳቸው ያገኙታል።

በግርግም የተወለደው አምላክ ከሚያውቁት ጋራ ብቻ ሳይሆን ከተነሡት ጋራ ይቍጠረን፤ አሜን።