«አፕ» ወዴት ነው?

እኛ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ደረታችንን ነፍተን በግቢው ውስጥ ስንንጎራደድ ለሚያየን እንግሊዝኛን አኝከን የዋጥን እንመስላለን። መዋጡንስ ውጠነው ይሆናል፤ ግን አልተፈጨልንም። ይህንን እውነት ያወቅነው በአንዲት ቁራጭ ቃል ነው፤ «አፕ» በምትባል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንደኛ ዓመት ሳለን አንድ መምህር ጥያቄ ጠየቁ፤ ከኋላ ወንበር የሚቀመጠው ጓደኛችንም መለሰ። መልሱ ትክክል ነበር፤ ድምፁ ግን ዝቅ ያለ ነው። «ስፒክ አፕ!» አሉት። ብድግ አለ። «ስፒክ አፕ!» ብለው ሲደግሙበት ግራ ገባውና ወደ ጣሪያው ቀና አለ። ምን ያድርግ? «አፕ» ማለት ላይ ነው ተብሎ ነው የተማረው። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኛም ሳቅን፤ ያውም ሆዳችንን ይዘን። ከዚያ ቀን ወዲህ ጓደኛችን በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አፉን ከፍቶ አያውቅም። እውነቱን እንናገር ከተባለ ግማሾቻችንም «ስፒክ አፕ» ማለት «ድምፅህን ከፍ አድርግ» ማለት መሆኑን አናውቅም ነበር። ቀድሞ የተጠየቀው እሱ ስለሆነ ብቻ ነው ከመነሣት የዳንነው።

እነዚህ ጥንድ ግሦች ስንቱን መከራ እንዳሳዩን የማያውቅ ተማሪ ካለ እጁን ያውጣ። «ሉክ» ማየት ነው ብለን እንይዛለን። «ሉክ ፎር» ሲሉት መፈለግ፣ «ሉክ አፍተር» ሲሉት መንከባከብ ይሆናል። «ሉክ አፕ» ደግሞ መዝገበ ቃላት ገልጦ ቃል መፈለግ ነው። «ፑት ኦን» መልበስ ከሆነ «ፑት ኦፍ» ማውለቅ መሆን ነበረበት፤ ግን ቀጠሮ ማስተላለፍ ሆኖ ቁጭ ይላል፤ ለማውለቅ «ቴክ ኦፍ» ነው የሚባለው። እሱም ቢሆን አውሮፕላን ሲነሣ «ቴክ ኦፍ» ይባላል። ኧረ ምን ዓይነት ጣጣ ነው!

የጣጣው ሥር ግን የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የቤተ መንግሥቱና የፍርድ ቤቱ ቃል ከፈረንሳይኛ ተቀዳ፤ የሊቃውንቱ ደግሞ ከላቲን። ባላገሩ ግን በእነዚያ አጫጭር ጥንዶች ማውራቱን አልተወም። ስለዚህ መጽሐፉ «ፖስትፖን» የሚለውን ሰውዬው «ፑት ኦፍ» ይለዋል፤ መጽሐፉ «ቶለሬት» የሚለውን ሰውዬው «ፑት አፕ ዊዝ» ይለዋል። እኛ የተማርነው የመጽሐፉን ነው። የፈላስፋ ድርሰት አንብበን እየተረዳን፣ አንድ እንግዳ «ሲት ዳውን፣ ካልም ዳውን» ከማለት አልፎ ሲያወራ የምንደናገረው ለዚህ ነው።

ባለፈው ዕረፍት ያ ጓደኛችን ወደ አገሩ ወደ ዘንገና ይዞን ሄደ። ዘንገና ከእንጅባራ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር ያለ ሐይቅ ነው። በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተፈጠረ፣ እንደ ድስት ክብ የሆነ፣ በዛፍ የተከበበ፣ 166 ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ። ብርዱ ደግሞ አይጣል ነው። ከቤት ስንደርስ አያቱ «ቁጭ በሉ ልጆቼ፣ ቁጭ በሉ» ብለው አስቀመጡንና ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ አቀረቡልን። ጥርግ አድርገን በላን። ጠላውንም ጭልጥ!

ይኼን ጊዜ ነው ጓደኛችን ከት ብሎ የሳቀው። «ኢት አፕ፣ ድሪንክ አፕ» አለን። «እዚህ ያለው ‘አፕ’ ላይ አይደለም። ጥርግ ነው፤ ጭልጥ ነው።»

ዝም ተባባልን። ከዚያ ሁላችንም መቁጠር ጀመርን። «ስታንድ አፕ» ብድግ ማለት፤ «ተርን አፕ» ብቅ ማለት፤ «ሹት አፕ» ዝም ማለት። «ተቀመጠ» የሚል ቃል እያለን በቤታችን «ቁጭ አለ» እንላለን፤ «ተነሣ» እያለን «ብድግ አለ» እንላለን። በሩን «ከፈት አደረገ» ስንል ጥቂት ነው፤ «ክፍት አደረገ» ስንል ግን ብርግድ ነው። ለመሆኑ ቁጭ ያለ ሰው ምን «አለ»? ዝም ያለ ሰውስ ምኑን ነው ያለው? አንድ ፈረንጅ አማርኛ ሲማር «ዝም አለ» የሚለው ላይ ሲደርስ እንደኛው ጣሪያ ጣሪያ ቢያይ ይፈረድበታል?

ጓደኛችን ግን አልጨረሰም። ከአያቱ ጋር የሚነጋገረው በአገውኛ ነው፤ አማርኛን የተማረው በኋላ ነው። «‘ቁጭ አለ’፣ ‘ብድግ አለ’ አላስቸገሩህም?» ብንለው «ለምን ያስቸግሩኛል? በእኛም ቤት እንዲሁ ነው የሚባል» አለ።

ከተመለስን በኋላ ቤተ መጻሕፍት ገብተን አገላበጥን። ቻርልስ ፈርጉሰን የተባለ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1970 የኢትዮጵያን ቋንቋዎች የጋራ ጠባዮች ሲዘረዝር ይህንኑ ከ«አለ» ጋር የሚጣመር ግሥ ይጨምራል። ብዙ ሊቃውንትም ይህ ልማድ ወደ እነአማርኛ የገባው አገውኛ ከሚመደብበት ከኩሽ ቋንቋዎች ወገን ነው ይላሉ። እንግዲህ በቋንቋ አለማወቅ የሳቅንበት ልጅ፣ ስንስቅበት «ከት ያልንበትን» ቃል አያያዝ ያዋሱን ሰዎች ልጅ ኖሯል!

ወደ ዘንገና እንመለስና፣ በዚያው ዕለት ወደ ማታ ከሐይቁ አፋፍ ቆመን ነበር። ታናሽ ወንድሙ ከማዶ ከብት ይጠብቃል። ጓደኛችን እጁን ለአፉ አድርጎ በአገውኛ ተጣራ። ድምፁ ውሃውን ተሻግሮ ማዶውን መትቶ ተመለሰ፤ ልጁም ሰማና ከብቱን ወደ ቤት አቀና። ከመካከላችን አንዱ «ይህን የመሰለ ድምፅ ይዘህ ነው እንዴ በክፍል የማትናገር?» አለው።

«እዚህ የሚስቅብኝ የለማ» አለን።

የምንመልሰው አጣን። ያን ዕለት ይቅርታ አልጠየቅነውምና በዚህች ወረቀት፣ በፈቃዱ፣ እንጠይቀዋለን። አሁን ማታ ማታ አንድ ደብተር ይዘን እንሰበሰባለን። በግራ የእንግሊዝኛውን ጥንድ፣ በቀኝ የእኛን «አለ» እየጻፍን ነው፤ አቻ ያጣንለትን ባዶ እንተወዋለን። ለ«ጊቭ አፕ» ረዥም ሰዓት ተከራክረን «ተስፋ ቆረጠ» የሚለውን ጻፍንለት። ጓደኛችን ከሁላችን ይልቅ ይፈጥናል፤ ሁለት ቋንቋ ተሻግሮ የመጣ ሰው ሦስተኛውን እንዴት እንደሚይዝ ያውቅበታል።

በክፍል ውስጥ ግን አሁንም የሚቀመጠው ከኋላ ነው። አንድ ቀን ደግሞ «ስፒክ አፕ» መባሉ አይቀርም። ያን ጊዜ እሱ የሚያደርገውን ያውቃል። እናንተ የክፍል ጓደኞቻችን ሆይ፣ የቀረው የእኛ ነው፤ ብድግ ቢልም እንኳ ዝም እንበል።