ይድረስ ለእማዬ፣ ከኦማር ሸሪፍ አገር

ካይሮ፣ ጥር 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እናቴ፤

  የአባባ ደም ግፊት እንዴት ሆነ? መድኃኒቱን በሰዓቱ ይውጣል? ወንድሜን በስልክ ብጠይቀው «ሁሉም ሰላም ነው» ብሎ ዘጋው። እሱ የሚያስጨንቀኝን ነገር አይነግረኝም፤ አንቺ እውነቱን ጻፊልኝ።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ ልጅ አብራን የምትኖር የደሴ ልጅ ናት፤ ቅዳሜ ትበራለች። ምሳ ሳትበላ እንዳትለቂያት። እኔ ትኩሳት ይዞኝ በተኛሁ ጊዜ ሌሊት ስታስታምመኝ ያደረች እሷ ናት።

ኑሮ እዚህም ጣራ ነክቷል። አምና ፓውንዱ ወድቆ አንድ ዶላር 30 ፓውንድ ገደማ የነበረው 50 ገብቷል። የሜትሮው ትንሹ ቲኬት 8 ፓውንድ ነው። 30 እንቁላል ከ150 ፓውንድ በላይ ይሸጣል፤ ሥጋውንማ አላነሳልሽም። እኔን የያዘኝ ኮሸሪ ነው፤ ሩዝ፣ ማካሮኒ፣ ምስርና ሽንብራ ባንድ ላይ ተደርጎ፣ የተጠበሰ ሽንኩርትና የቲማቲም ስጎ ይፈስበታል። በ40 ፓውንድ እስከ ማታ ያቆማል፤ ለጾምም ይሆናል። ባቄላውን ፈጭተው በዘይት የሚጠብሱት ታዕሚያም ጥሩ ነው። እንጀራ ግን የእሁድ ነው፤ አርድ ኤል ሊዋ ሐበሾች ቤት ሄደን ተካፍለን እንበላለን። የላክሽውን በርበሬ በማንኪያ እየለካሁ ነው የምጠቀመው። እናንተስ? የብሩ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዘይት ስንት ገባ? ጤፉስ? ካዛንቺስ ሲፈርስ እነ አክስቴ ወዴት ተዛወሩ? የእኛን ሰፈርስ ለማፍረስ መጥተው አልለኩትም?

ለእኔ አትሳቀቂ። ሥራውን ለምጄዋለሁ። አረብኛውንም የሽንኩርት ነጋዴ ከማያታልለኝ ደረጃ አድርሼዋለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ባለታክሲ ከየት ነሽ አለኝ፤ ኢትዮጵያ ስለው ዓባይ ላይ ስለሠራነው ግድብ መጮኽ ጀመረ። ውኃችንን ልትጨርሱት ነው፣ ልጆቻችንን ልታስጠሙ ነው፣ ምን ያላለው አለ! ዝም ብዬ ቆየሁና «ዓባይ የእኔም ወንዝ ነው፤ እኛም እንጠማለን» አልኩት። መንገዱ ሳይጋመስ አቁሞ ውረጂ አለኝ፤ ሒሳቡንም ሙሉውን ተቀበለኝ። በብርድ በእግሬ ገባሁ። ግን አንገቴን አልደፋሁም፤ ያንን እወቂልኝ። ያለቀስኩት ቤት ገብቼ በሩን ከዘጋሁ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ጠየቅሽኝ ልምጣ። «ዶክተር ዢቫጎ» የሚባለውን ፊልም አይተሽ እንዴት እንዳለቀስሽ፣ የተዋናዩ የኦማር ሸሪፍ ዓይን እንዴት ሌሊቱን ሙሉ ከፊትሽ አልጠፋ እንዳለ ስትናገሪ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። «አገሩ ሄደሽ ስለሱ ሳትጠይቂ እንዳትመጪ» ብለሽኛል። ጠየቅሁልሽ፤ ሳልጠይቅም የሚነግሩኝ ሰው አግኝቻለሁ። የማስታምማቸው ማዳም ማታ ማታ ሮታና ክላሲክ የሚባለውን ጣቢያ ከፍተው የድሮ ፊልም ያያሉ። እኔ እግራቸውን እያሸሁ አብሬያቸው አያለሁ፤ እሳቸውም ተዋናይ በመጣ ቁጥር ማንን እንዳገባ፣ ከማን እንደተጣላ ይነግሩኛል። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ።

ኦማር ልጅ ሳለ ስሙ ሚሼል ሸልሁብ ነበር። በ1932 እስክንድርያ ውስጥ ተወለደ፤ ቤተሰቦቹ ዘራቸው ከሊባኖስና ከሶርያ የሆነ ክርስቲያኖች ናቸው፤ አባቱ የእንጨት ነጋዴ። እንግሊዞች ባቋቋሙት ቪክቶሪያ ኮሌጅ ተምሮ ካይሮ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብና ፊዚክስ አጠና፤ ከዚያ ከአባቱ ጋር እንጨት መነገድ ጀመረ። ከእንጨቱ ያወጣው ዳይሬክተሩ ዩሱፍ ሻሂን ነው። በ1954 «ሲራዕ ፊል ዋዲ» በተባለው ፊልም ከፋተን ሐማማ ጋር አሠራው። ፋተን ከሕፃንነቷ ጀምራ ስትሠራ የኖረች የግብፅ ሲኒማ እመቤት ናት፤ እሱን ማንም አያውቀውም። ታሪኩ በላይኛው ግብፅ ሸንኮራ የሚያመርቱ ገበሬዎችና ባላባት የሚፋጠጡበት ነው፤ መጨረሻው በካርናክ ቤተ መቅደስ ዓምዶች መሃል ይሆናል። ማዳም እንደሚሉት ፋተን በፊልም ላይ መሳምን እምቢ ስትል ኖራ ለእሱ ነው እሺ ያለችው። በ1955 ሰልሞ አገባት። በ1957 ልጃቸው ታሪቅ ተወለደ።

እማዬ፣ ያንቺ ኦማር ከመሆኑ በፊት የነበረውን ኦማር ብታዪው! በ1960 «ናህር ኤል ሆብ» የሚል ሠርተዋል፤ የቶልስቶይን አና ካሬኒናን ወደ ካይሮ አምጥተው ነው። ዳይሬክተሩ የፋተን የቀድሞ ባል ኢዝ ኤል ዲን ዙልፊቃር፤ ባሏን ጥላ የምትወደው መኮንን ሆኖ የሚሠራው ደግሞ የዚያን ጊዜ ባሏ ኦማር። ሦስቱ አንድ ላይ ቆመው እንዴት እንደሠሩት አላውቅም፤ ግን ሁለቱ ሲተያዩ የሚታየው ነገር በትወና ብቻ የሚመጣ አይመስለኝም። በገዛ ቋንቋው ሲናገር ድምፁ ሌላ ነው፤ ይፈጥናል፣ ይቀልዳል፣ ይቆጣል። በእንግሊዝኛ ፊልሞቹ ላይ ቃሉን እየመረጠ ነው የሚናገረው። እኔም ማዳም ቤት ስናገር እንደዚያው ነኝ።

ከዚያ ዳይሬክተሩ ዴቪድ ሊን ለ«ሎውረንስ ኦፍ አረቢያ» ጠራው፤ 1962 ላይ ማለት ነው። መጀመሪያ ብቅ የሚልበትን ታስታውሺዋለሽ? በረሃው ጫፍ ላይ በሙቀቱ ውስጥ የሚርገበገብ ጥቁር ነጥብ ይታያል፤ ነጥቡ እያደገ እያደገ ግመል የተቀመጠ ሰው ይሆናል። ረጅም ጊዜ ንግግር የለም ማለት ይቻላል። ፊልሙ ሰባት ኦስካር ሲያገኝ እሱ በረዳት ተዋናይነት ታጨ፤ ጎልደን ግሎብም ተሸለመ። የአረብ ልጅ ሆሊውድ ላይ እንዲህ ሲነሳ አይታ ያልኮራች የካይሮ ሴት የለችም ይላሉ ማዳም።

ስለ ዢቫጎ የምነግርሽ አለኝ። አንቺ የሩሲያ በረዶ እያየሽ ያለቀስሽው አብዛኛው ስፔን ውስጥ የተቀረጸ ነው፤ ያ በበረዶ የተሸፈነው ቤት ውስጡ በሰም የተሠራ ነበር። ደግሞ መጀመሪያ ላይ በእናቱ ቀብር የቆመው ትንሹ ዩሪ፣ ማለትም ዢቫጎ በልጅነቱ፣ የኦማር የራሱ ልጅ ታሪቅ ነው። ስምንት ዓመቱ ነበር። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ያንን ቀብር ሳየው ሆዴ ይባባል፤ የኦማርና የፋተን ቤት የፈረሰው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነውና።

እዚህ ላይ ነው እኔና ማዳም የማንስማማው። እሳቸው «በቁማርና በዝና ቤቱን ጥሎ ሄደ» ይላሉ። ቁማሩ እውነት ነው፤ ብዙ ገንዘብ በልቶበታል፤ በብሪጅ ካርታ ጨዋታም በዓለም የታወቀ ሆኖ የአሜሪካ ጋዜጣ ላይ ስለ ጨዋታው ይጽፍ ነበር። ግን በፕሬዚዳንት ናስር ጊዜ ግብፃዊ ከአገር ለመውጣት የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልገው ነበር፤ ሥራው ውጭ የሆነ ሰው ደግሞ ገብቶ መውጣቱን ካላወቀ ምን ያድርግ? በ1965 ወጣና ቀረ። ከፋተን ጋር በ1966 ተለያዩ፤ በ1974 ተፋቱ። ወረቀት ሰውን ከቤቱ እንዴት እንደሚለይ ማዳም አያውቁም፤ እኔ ግን የመኖሪያ ፈቃዴን ለማሳደስ ከሌሊት ጀምሬ ስሰለፍ አውቄዋለሁ። በእሱ አልፈርድበትም።

አገሩም አልማረችውም። በ1967ቱ የአረቦችና የእስራኤል ጦርነት ማግስት ከአይሁዳዊቷ ከባርብራ ስትራይሳንድ ጋር «ፈኒ ገርል»ን ሲሠራና ሲስማት ፎቶው ወጣ፤ የካይሮ ጋዜጦች ዜግነቱ ይነጠቅ ብለው ጮኹ። እዚያ ማዶ ያሉት የፊልም ሰዎች ደግሞ የፈለጉትን አደረጉት። ሩሲያዊ ሆነ፣ ጀንጊስ ካን ሆነ፣ የጀርመን መኮንን ሆነ፣ የኦስትሪያ ልዑል ሆነ፣ ቼ ጉቬራ ሆነ። ሰዎች ይህን ችሎታ ይሉታል፤ ችሎታም ነው። እኔ ግን ሌላም ነገር ይታየኛል። ከአገርሽ ስትወጪ ፊትሽን ሰው እንደፈለገው ያነበዋል፤ እኔን ገበያ ላይ ሱዳናዊት ናት ይሉኛል፣ ናይጄሪያዊት ይሉኛል፣ ያ ባለታክሲ ደግሞ ግድቡን ራሴ የገነባሁት አስመሰለኝ። ልጅሽ መሆኔን የሚያውቅ የለም። እሱም ካይሮ ላይ የፋተን ባል፣ የታሪቅ አባት ነበር፤ ውጭ ግን የማንም አልነበረም። ለብዙ ዓመታት ሆቴል ውስጥ ነበር የሚኖረው። ሌላ ሴትም አላገባም።

መመለስስ ተመልሷል። በ1991 ከዳይሬክተሩ ከሳላህ አቡ ሰይፍ ጋር «ሙዋጢን መስሪ»ን በአረብኛ ሠራ። በ2003 ፓሪስ ውስጥ ለአንድ አይሁዳዊ ልጅ አባት የሚሆን ቱርካዊ ባለሱቅ ሆኖ «ሙሴ ኢብራሂም» ላይ ተወነ፤ በዚያ ፊልም ፈረንሳዮቹ ሴዛር የሚባለውን ሽልማታቸውን ሰጡት። በ2008 ከተዋናዩ ከአድል ኢማም ጋር የሠራውን «ሐሰን ወ ሞርቆስ»ን ግን ፈልገሽ እዪ። ክርስቲያኑና ሼኹ ከአክራሪዎች ለማምለጥ ሃይማኖት ተቀያይረው ጎረቤት ይሆናሉ። ኦማር ክርስቲያን መስሎ የሚኖረውን ሼኽ ነው የሚሠራው፤ ክርስቲያን ሆኖ ተወልዶ የሰለመ ሰው! ያንን ሚና ከእሱ በላይ ማን ይችለዋል? ያንን ፊልም ያየን ቀን ማዳም ኦማርን አልሰደቡም።

በ2015 ፋተን በጥር አረፈች፤ ሰሞኑን አሥር ዓመቷ ነው፤ ጣቢያውም ፊልሞቿን እያሳየ ነው። ኦማር አልዛይመር ይዞት ነበር። ታሪቅ በዚያ ዓመት ለጋዜጠኞች ሲናገር አባቱ ስለ ፋተን ይጠይቀው እንደነበር፣ ሞታለች ቢለውም ከቀናት በኋላ ደግሞ ደህንነቷን እንደሚጠይቅ ገልጿል። ሐምሌ ላይ በ83 ዓመቱ እዚሁ ካይሮ ሞተ። አስከሬኑ በግብፅ ባንዲራ ተሸፍኖ ሰይዳ ነፊሳ መካነ መቃብር ተቀበረ።

ነጠላዬን ተከናንቤ ሄድኩልሽ። የእሱን መቃብር ለይተው የሚያሳዩኝ ሰው አላገኘሁም፤ ሰፈሩም ለአዲስ መንገድ ብዙ ቦታው ፈርሷል። የፈረሰ አጥር አጠገብ ቆሜ ስለ ሁለቱም ጸለይኩ። የአያቴን ሙት ዓመት አወጣችሁ? ማን ማን መጣ? የኔን ድርሻ ለቄሱ ሰጥታችኋል?

ከዚያ አዝበኪያ የአሮጌ መጻሕፍት ሱቆች ጋ ሄጄ የ«ናህር ኤል ሆብ»ን ፖስተር ገዛሁልሽ። 200 ፓውንድ ብሎኝ በ75 ተስማማን። ኦማርና ፋተን ጎን ለጎን ናቸው። የዢቫጎውን ሳይሆን ይሄኛውን የመረጥኩት ከገዛ ሰዎቹ ጋር ያለበት ስለሆነ ነው። ጥቅሉን ቀስ ብለሽ ፍቺው።

እማዬ፣ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት አንድ ነገር ነው። ኦማር ዝና አላነሰውም፤ ዓለም ሁሉ አጨብጭቦለታል። ያጣው ጊዜውን ነው። ሰው ወደ ቤቱ መመለስ ያለበት የሚጠይቃቸው ሰዎች በሕይወት ሳሉ ነው፤ ስማቸውን ብቻ ይዞ ሲገባ አይደለም። ስለዚህ ያሰብኩትን ገንዘብ ባላሟላም እመጣለሁ። ለፋሲካ ካልሆነ ለመስከረም። ወንድሜ «ትንሽ ጨምሪና ነይ» እያለኝ ነው፤ የእኔ መልስ እምቢ ነው፤ አንቺም ከእኔ ጋር ሁኚ።

እስከዚያው ይህን አድርጊልኝ። አባባን ጤና ጣቢያ ወስደሽ ግፊቱን አስለኪና ቁጥሩን በወረቀት ጻፊልኝ፤ በቃል አይነገረኝ። ጉልበትሽን ቅዝቃዜ አታስነኪ። ቡናና ድርቆሽ ከላክሽ ልጅቷ ስትመለስ ትይዝልኛለች፤ ሻንጣዋ 23 ኪሎ ብቻ ስለሆነ አታብዢባት። ለጎረቤቶቻችን ሁሉ፣ በተለይ ለእትዬ፣ ሰላምታዬን አድርሺ፤ ዓይናቸው ተሠራላቸው ወይ? መልሱን ቶሎ ላኪልኝ፤ አጭርም ቢሆን በእጅሽ ጻፊው።

የምትወድሽና የምትናፍቅሽ
ልጅሽ